ሕዋስ ብቻውን አይበስልም

ክቡራትና ክቡራን፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ንግግሬን ሁላችሁም ከምታውቁት ነገር ልጀምር፤ ከንፍፊት።

በልጅነታችን በባዶ እግራችን ስንሮጥ እንቅፋት ይመታናል፣ እሾህ ይወጋናል። ቁስሉ ካመረቀዘ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብሽሽታችን ላይ ሲነኩት የሚያም እብጠት ይወጣል። እናቶቻችን እብጠቱን ዳሰስ አድርገው ወዲያው ወደ እግራችን ያጎነብሱ ነበር፤ "የቱ ጋ ነው የቆሰልከው?" ይላሉ። ቁስሉ ከታች ሆኖ እብጠቱ ከላይ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ልክ ነበሩ። ከቁስሉ ተነስቶ እስከ ብሽሽት የሚጓዝ መልእክተኛ አለ፤ የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ መልእክተኛና ስለ ጓደኞቹ ነው።

መልእክተኛው ዴንድሪቲክ ሕዋስ ይባላል። ስሙ የመጣው ዴንድሮን ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ዛፍ ማለት ነው። ከገላው ቅርንጫፍ የመሰሉ ረጃጅም ክንዶች ስለሚያወጣ ነው እንዲህ የተባለው። በቆዳችን ውስጥ ተቀምጦ በዙሪያው ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ የሞተ ሕዋስ፣ የባክቴሪያ ስባሪ፣ የቫይረስ ቅንጣት አይመርጥም። በዚህ ጊዜ ሕዋሱ ገና ጥሬ ነው። የአደጋ ምልክት ሲደርሰው ግን መዋጡን እየተወ ከቦታው ይነሳና በሊምፍ ቱቦ ወደ ቅርቡ የሊምፍ ዕጢ ያመራል፤ ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠው ይህ ዕጢ ነው። በመንገድ ላይ የዋጠውን ጀርም ሰባብሮ ቁርጥራጩን በገላው ላይ ያወጣዋል። ዕጢው ውስጥ ሲደርስ ክንዶቹን ዘርግቶ ቲ ሕዋሳት ለሚባሉት ተዋጊ ነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያቸዋል፤ "ጠላት ይህን ይመስላል" እንደ ማለት ነው። አሁን ሕዋሱ በስሏል። ጥሬው ይውጣል፣ ብስሉ ያሳያል። ለእኛ ለሙያው ሰዎች መብሰል ማለት ይህ ነው። ዕድሜ መቁጠር ወይም መግዘፍ አይደለም፤ ሥራ መለወጥ ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? አብዛኛውን ያወቅነው ሕዋሱን ከሰውነት አውጥተን በሳህን ውስጥ ስላበሰልነው ነው። የእኔም የዕለት ሥራ ይኸው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የገባው ነገር ሕዋስ ብቻውን እንደማይበስል ነው። ምግብ፣ ሙቀትና ንጹሕ ቦታ ብቻ ብትሰጡት ለጥቂት ጊዜ ይኖራል ወይም ይሞታል እንጂ አይበስልም። የሚያበስለው ጎረቤቶቹ የሚነግሩት ነው። ስለዚህ በላቦራቶሪ ሕዋስ የሚያሳድግ ሰው ዋና ሥራው የጎረቤትን ቦታ መተካት ነው። የሙያው ታሪክም የጎረቤቶቹን ቃል አንድ በአንድ የመስማት ታሪክ ነው። ብዙውን ጊዜ ቃሉ የተሰማው ደግሞ ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው።

እስቲ ወደ ላቦራቶሪው ላስገባችሁ። ከአንድ ፈቃደኛ ለጋሽ ክንድ የተቀዳ 50 ሚሊ ሊትር ደም አለን፤ አንድ የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። ደሙን በጨው ውሃ እናቀጥነውና ፊኮል ከሚባል ወፈር ያለ ፈሳሽ በላይ፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ አስደግፈን፣ ጠብ ጠብ እያደረግን እናፈሰዋለን። እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሥራው ይበላሻል። ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ለ30 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ሲወጣ ቀዩ የደም ሕዋስ ከታች ዘቅጧል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ሰፍሯል። በሁለቱ መካከል ስስ ነጭ ቀለበት ተንሳፍፎ ታገኛላችሁ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወተት ላይ የሚረጋውን ስልባቦት ይመስላል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ኖርዌያዊው አርኔ ቦዩም ነው። ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያ ስልባቦት ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ደም አንድ ሚሊዮን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣል። በፒፔት ቀስ ብለን እንቀዳቸውና አጥበን ሳህን ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን። ሞኖሳይቶቹ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሳህኑ ወለል ጋር ይጣበቃሉ፤ ሌሎቹን ታጥበው እንዲሄዱ እናደርጋለን። ሞኖሳይት ዕጣው ገና ያልተቆረጠለት ሕዋስ ነው። በደም ሥር እየዞረ የሚጠራውን ይጠብቃል።

ኢንኩቤተሩ እንደ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል፤ አየሩ ውስጥ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ሕዋሳቱ የሚዋኙበት ፈሳሽ አርፒኤምአይ 1640 ይባላል፤ ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ አለበት። ፌኖል ሬድ የሚባል ቀለምም ተጨምሮበታል፤ ፈሳሹ ደህና ሲሆን ቀይ ወይም ሮዝ፣ ሲኮመጥጥ ቢጫ ይሆናል። ጠዋት የኢንኩቤተሩን በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ነው። ሮዝ ከሆነ ደህና አድረዋል። ቢጫ ሆኖ ጥርት ካለ በዝተው ምግባቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። ቢጫ ሆኖ ከደፈረሰ ግን ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ የሳምንት ልፋት በበረኪና ተገድሎ ይደፋል።

አሁን ቃሉን የምንናገርበት ሰዓት ነው። ኤም-ሲኤስኤፍ የሚባል ፕሮቲን ብንጨምር ሞኖሳይቱ በሳምንት ገደማ ውስጥ ማክሮፋጅ ይሆናል፤ ባለበት ተቀምጦ ጀርምን እየዋጠ የሚፈጭ ትልቅ ሕዋስ ነው። ጂኤም-ሲኤስኤፍ እና ኢንተርሉኪን 4 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን አንድ ላይ ብንጨምር ደግሞ ያው ሞኖሳይት ገና ጥሬ የሆነ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ በ1994 ያሳዩት በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ይሠሩ የነበሩት ፌዴሪካ ሳሉስቶ እና አንቶኒዮ ላንዛቬኪያ ናቸው። ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ቀን ደም የተገኘ አንድ ዓይነት ሕዋስ ነው፤ በተነገረው ቃል ብቻ ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ይወጡታል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር አሁንም እደነቃለሁ።

ቃሉ ምን ያህል እንደሚወስን የገባኝ ግን በራሴ ስህተት ነው። ሙያውን በምለማመድበት ጊዜ ዴንድሪቲክ ሕዋስ እንዳሳድግ ተሰጠኝ። በስድስተኛው ቀን ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስቀምጥ የጠበቅሁት ተሰብስበው የሚንሳፈፉ፣ ዙሪያቸው የጨበረረ ሕዋሳትን ነበር። ያየሁት ግን ወለሉ ላይ ጠፍጠፍ ብለው የተለጠፉ፣ በፒፔት ቢገፉ የማይነሱ ሰፋፊ ሕዋሳትን ነው። ደብተሬን ገልጬ ሳይ ከኢንተርሉኪን 4 ፊት ለፊት ምልክት አላደረግሁም። ረስቼዋለሁ። ጂኤም-ሲኤስኤፍ ብቻውን ሞኖሳይቱን ወደ ማክሮፋጅ ወስዶታል። የለጋሹ ደም በከንቱ ፈሰሰ ብዬ ዕንባዬ መጣ። አንጋፋው የላቦራቶሪ ባለሙያችን ግን ማይክሮስኮፑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና "ልጄ፣ ሕዋሱ ምንም አልሆነም። የነገርሽውን ነው የሰማው" አሉኝ። ያን ሳህን እንድደፋው አልፈቀዱም። ፎቶግራፍ አንስቼ ከትክክለኛው ጎን እንድለጥፈው አደረጉኝ፤ ዛሬም ለማስተምራቸው ልጆች የማሳየው እሱን ነው።

በስድስተኛው ቀን ያገኘነው ሕዋስ ጥሬ ነው አልን። የሚቀረው የአደጋ ምልክት ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ መጨመር ይቻላል። ለሕክምና ሲሆን ግን የባክቴሪያ ቁራጭ አይመረጥም፤ ሰውነት በትኩሳት ጊዜ የሚያመነጫቸው አራት ንጥረ ነገሮች ተቀምመው ይሰጣሉ። ይህን ቅመም በ1997 ያወጡት የጀርመን ተመራማሪዎች ሲሆኑ ብዙ ላቦራቶሪዎች እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ብታዩት ሕዋሱ ሌላ ሆኗል። እንደ መጋረጃ የሳሱ ክንዶች ከገላው ወጥተው ይውለበለባሉ። ሲዲ83 እና ሲዲ86 የሚባሉ የብስለት ምልክቶች በገላው ላይ ይበዛሉ፤ ሲሲአር7 የሚባለውም ይወጣል። ይህኛው እንደ አፍንጫ ነው፤ የሊምፍ ዕጢውን ጥሪ የሚከተለው በእሱ ነው። ከእግር እስከ ብሽሽት መንገዱን ሳይስት የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ይህን ሕዋስ ለዓለም ያስተዋወቁት ራልፍ ስታይንማን ናቸው። በ1973 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከዛንቪል ኮን ጋር ሆነው የአይጥ ጣፊያ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ከማክሮፋጆቹ መካከል እንግዳ ቅርጽ ያለው፣ ክንዶቹን እየዘረጋ የሚሰበስብ ሕዋስ አዩ። በቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ጥቂት ሕዋስ ቲ ሕዋሳትን በመቀስቀስ ከሌሎቹ ቢያንስ መቶ እጥፍ እንደሚበልጥ ሲያስረዱ ብዙዎች አላመኗቸውም። ለዓመታት ሰሚ አላገኙም ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው ነገር ብዛቱ ነበር፤ ከአንድ ጣፊያ እፍኝ የማይሞላ ሕዋስ ለቅመህ ዓለምን ማሳመን ከባድ ነው። ነገሩ የተለወጠው ሕዋሱን በሳህን ማብዛት ሲቻል ነው። በ1992 ከጃፓናዊቷ ካዮ ኢናባ ጋር ከአይጥ መቅኔ በጂኤም-ሲኤስኤፍ አበዙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የባዝሎቹ ከሰው ደም አወጡት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በራሱ ላቦራቶሪ አሳድጎ ማየት ቻለ።

በ2007 ስታይንማን የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ባልደረቦቻቸው ከራሳቸው ደም ዴንድሪቲክ ሕዋስ አሳድገው፣ የካንሰር ዕጢያቸውን ቁራጭ አስይዘው መልሰው ሰጧቸው። አራት ዓመት ተኩል ኖሩ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2011 አረፉ። ኦክቶበር 3 ቀን የኖቤል ኮሚቴ፣ ማረፋቸውን ሳያውቅ፣ የዓመቱ የሕክምና ሽልማት ተጋሪ መሆናቸውን አወጀ። ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥም፤ ኮሚቴው ግን ውሳኔው የተላለፈው በሕይወት አሉ ተብሎ ስለሆነ አይለወጥም አለ። ዕድሜያቸውን ያራዘመው ያ ሕዋስ ነው ብዬ አልነግራችሁም፤ በአንድ ታማሚ እንዲህ ማለት አይቻልም። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት ካንሰር የተፈቀደው፣ ከታማሚው ከራሱ ሕዋሳት የሚዘጋጀው ሕክምና በብዙ ሰዎች ተሞክሮ ዕድሜን በአራት ወር ገደማ አራዝሟል። አራት ወር ጥቂት ነው የሚል ሰው አባቱን አስታሞ አያውቅም።

ወደ ቲ ሕዋሳት ልሻገር፤ እዚህ ላይ ታሪኩ በቦሎቄ ይጀምራል።

ቲ ሕዋስ ከሊምፎሳይት ዓይነቶች አንዱ ነው። እስከ 1960 ድረስ በደም ውስጥ የሚዞር ሊምፎሳይት ዕድሜውን የጨረሰ፣ ከእንግዲህ የማይባዛ ሕዋስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በፊላደልፊያ የሚሠራው ፒተር ኖዌል የደም ካንሰር ሕዋሳትን እያሳደገ ያጠና ነበር። ቀዩን ደም ከነጩ ለመለየት ሁሉም ሰው ከቦሎቄ የሚወጣ ንጥር ይጠቀም ነበር፤ ቀይ ሕዋሳትን ያያይዝና ያዘቅጣቸዋል። ኖዌል ግን ሳህኑ ውስጥ ጤነኛ ሊምፎሳይቶች ሲባዙ አየ። አልቆላቸዋል የተባሉት ሕዋሳት እንደ ገና ወፍረው ለሁለት ይከፈላሉ። ምክንያቱን አንድ በአንድ ሲፈትሽ የቀሰቀሳቸው ያ ለማጣሪያ ብቻ የገባው የቦሎቄ ንጥር ሆኖ ተገኘ። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ሳይበስል ቢበላ ሆድ የሚያውከው በዚሁ ፕሮቲን ምክንያት ነው፤ በደንብ ስናፈላው ኃይሉ ይጠፋል። ማድቤት ውስጥ የምንገድለው ነገር በላቦራቶሪ የተኛ ሕዋስ የሚቀሰቅስ ሆነ።

ሆኖም የነቁት ሊምፎሳይቶች ጥቂት ጊዜ ተባዝተው ይሞቱ ነበር። በ1976 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዶሪስ ሞርጋን፣ ፍራንሲስ ሩሼቲ እና ሮበርት ጋሎ ሌላ ዓይነት የደም ሕዋስ ከመቅኔ ለማሳደግ ይሞክራሉ። በቦሎቄ ንጥር የተቀሰቀሱ ሊምፎሳይቶች የዋኙበትን ፈሳሽ አጥልለው ለአዲሶቹ ሕዋሳት አጠጧቸው። የፈለጉት ሕዋስ አላደገም፤ ቲ ሕዋሳት ግን ከሳምንት ሳምንት በዙ። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከትናንቱ ሊጥ የቀረው እርሾ የዛሬውን ያነሳዋል። ልዩነቱ በእርሾው ውስጥ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ግን ሕዋሳቱ ተጣርተው ወጥተዋል፤ የቀረው የተናገሩት ብቻ ነው። ያ ቃል በኋላ ኢንተርሉኪን 2 ተባለ።

ይህ ግኝት ከምታስቡት በላይ ወደ ቤታችን የቀረበ ነው። በ1983 ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ፍራንሷዝ ባሬ-ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኜ እና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ታማሚ የሊምፍ ዕጢ የተወሰዱ ቲ ሕዋሳትን በኢንተርሉኪን 2 ያሳድጉ ነበር። የቫይረስ ምልክት ታየ፤ ወዲያው ግን ሕዋሳቱ ይሞቱ ጀመር። ቫይረሱ አብሯቸው እንዳይጠፋ ከደም ባንክ ትኩስ ሊምፎሳይት አምጥተው ጨመሩ፤ ቫይረሱም ወደ አዲሶቹ ተሻገረ። በኋላ ኤች አይ ቪ የተባለው እሱ ነው። ቲ ሕዋስን በሳህን ማኖር ባይቻል ኖሮ ያ ቫይረስ የሚያዝበት መንገድ አልነበረም፤ ምርመራውም መድኃኒቱም ስንት ዓመት በዘገየ ነበር። በአገራችን ያን ጊዜ የቀበርናቸውን የምታስታውሱ ሰዎች የአንድ ዓመት መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አዲስ አበባም የራሷ ታሪክ አላት። በ1970 በአለርት ሆስፒታል አጠገብ የተቋቋመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ሥራው የሥጋ ደዌ ነበር። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በሳህን አላድግ ያለ ግትር ጀርም ነው። የሰው ሊምፎሳይት ግን ያድጋል። ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳል እና ባልደረቦቹ የታማሚዎችን ሊምፎሳይት ከባክቴሪያው ጋር በሳህን አገናኙት። በሽታው በመላ ሰውነታቸው የተሰራጨባቸው ሰዎች ሕዋሳት ይህን ጀርም ሲያገኙ አልተባዙም፤ ዝም አሉ። ሕዋሳቱ ደክመው እንዳይባል ሌላ ጀርም ሲሰጧቸው ይነቃሉ። ዝምታው ለዚያ ለአንዱ ብቻ ነው። በ1973 የታተመው ጥናት ደግሞ ከታማሚዎች ጋር አብረው የኖሩና የሠሩ ጤነኛ ሰዎችን ሕዋሳት ተመለከተ፤ ብዙዎቹ ጀርሙን ያውቁታል። ባክቴሪያው ገብቶባቸው ነበር ማለት ነው፤ ሰውነታቸው ግን አሸንፎታል። በየመንደሩ የሥጋ ደዌ ታማሚ ከዘመድ ከወዳጅ ተለይቶ በሚኖርበት ዘመን፣ ያ ሳህን አብዛኛው ሰው ይህን በሽታ ሳያውቀው እንደሚረታው እየመሰከረ ነበር። ይህ እውነት በጊዜው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ አለመነገሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ በሰሉ ቲ ሕዋሳት መባዛት ነው። ቲ ሕዋስ ከመጀመሪያው የሚፈጠርበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ከደረት አጥንታችን ጀርባ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፤ በልጅነት ትልቅ ሆኖ ከዕድሜ ጋር በስብ እየተተካ ይሄዳል። እስከ 1961 ድረስ ጥቅሙን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ የአይጦችን የደም ካንሰር ሲያጠና፣ ታይመሳቸው ገና እንደተወለዱ የወጣባቸው አይጦች በሽታ መከላከል እንደሚያቅታቸው አየ። በዚያ ዕጢ ውስጥ ከመቅኔ የመጣ ለጋ ሕዋስ የራሱን ዲኤንኤ ቆርጦ ይቀጥላል፤ ከዚህ ቆርጦ ከዚያ ሲያገጣጥም ሌላው የማይመስለው የራሱ መለያ ይሠራል። በዚያ መለያ አንድ ጀርም ያውቃል። መለያው ከገዛ ሰውነታችን ጋር የሚጣላ ከሆነ ዕጢው ይገድለዋል፤ ምንም የማይረባ ከሆነም ይሞታል። ወደ ዕጢው ከገቡት ከመቶ ዘጠና አምስቱና ከዚያ በላይ የሚሆኑት አይወጡም።

ለአርባ ዓመት ያህል ይህን ትምህርት ቤት በሳህን መገንባት አልተቻለም ነበር፤ የታይመስ ቁራጭ ራሱ ካልገባበት ቲ ሕዋስ አይወጣም። በ2002 በቶሮንቶ ቶማስ ሽሚት እና ሁዋን ካርሎስ ዙኒጋ-ፍሉከር አንድ ቃል ጨመሩ። ኦፒ9 የሚባል የአይጥ ሕዋስ ነበራቸው፤ ጃፓን ውስጥ የተዘጋጀ፣ ለጋ የደም ሕዋሳትን አቅፎ የሚያሳድግ ሞግዚት ነው። ጠባዩ ልዩ ነው፤ ኤም-ሲኤስኤፍን አያመነጭም። ቅድም እንዳልኩት ያ ቃል ማክሮፋጅ የሚያበዛ ስለሆነ፣ ሞግዚቷ እሱን ስለማትናገር ማክሮፋጆች ሳህኑን አያጥለቀልቁትም። በኦፒ9 ላይ ብቻ ያደገ ለጋ ሕዋስ ቢ ሕዋስ የሚባል ሌላ የሊምፎሳይት ዓይነት ይሆናል። እነሱ ዴልታ-ላይክ 1 የሚባል አንድ ፕሮቲን በሞግዚቷ ገላ ላይ እንዲበቅል አደረጉ። ፕሮቲኑ በለጋው ሕዋስ ላይ ያለውን ኖች የሚባል ተቀባይ ይነካል። ይህ ሲሆን የቢ ሕዋስ መንገድ ተዘግቶ የቲ ሕዋስ መንገድ ተከፈተ። አንድ ፕሮቲን፣ ያውም በፈሳሹ ውስጥ ቢሟሟ የማይበቃ፤ ሞግዚቷ ራሷ ልትዳስሰው ይገባል። ሕዋስ ብቻውን አይበስልም ስል በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ይህ ነው።

መብሰል ግን ሁልጊዜ የሚፈለግ አይደለም። ካር-ቲ የሚባለውን የካንሰር ሕክምና ሰምታችሁ ይሆናል። የታማሚው ቲ ሕዋስ ከደሙ ተለይቶ በሳህን ይቀሰቀሳል፣ የካንሰሩን ሕዋስ የሚያውቅበት አዲስ መለያ በጂን ይሰጠዋል፣ ለቀናት ይባዛና ይመለሳል። በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ በደም ካንሰር የምትሞት ሕፃን በዚህ ዳነች፤ ከአሥር ዓመት በላይ ካንሰሩ አልተመለሰባትም። በ2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን ሲፈቅድ የተቆረጠለት ዋጋ 475,000 ዶላር ነበር። ይህን ቁጥር እዚህ አዳራሽ ውስጥ መናገር ይከብደኛል፤ ልጁ በካንሰር የተያዘበት ቤተሰብ ዘንድ የሚደርስ ዋጋ አይደለም። ከሙያው አንጻር የታወቀው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ በሳህን ብዙ የቆየና ከልክ ያለፈ የበሰለ ቲ ሕዋስ በሳህኑ ውስጥ ካንሰርን በብርታት ይገድላል፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ ያልቃል። ገና ለጋነቱን ያልጨረሰው ይቆያል፣ ይባዛል፣ ያስታውሳል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች የሳህኑን ጊዜ ያሳጥራሉ፤ በኢንተርሉኪን 2 ፋንታም ኢንተርሉኪን 7ን እና 15ን ይመርጣሉ። ሕዋሱ ላይ እንዲሮጥ ከመጮህ ይልቅ ረጋ ብሎ እንዲያድግ እንደ መምከር ነው።

ሳህኑ ሰውነት እንዳልሆነም አልደብቃችሁም። አርፒኤምአይ 1640 በሊትር 2 ግራም ስኳር አለው፤ የጤነኛ ሰው ደም ግማሹን ያህል ነው ያለው። ኢንኩቤተሩ ውስጥ ኦክስጂኑ 18 በመቶ ገደማ ነው፤ በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ግን ከዚህ በብዙ ያንሳል። ብዙ ጊዜ የምንጨምረው ሴረም የሚባል የደም ውሃ ከጥጃ ጽንስ የተገኘ ነው። ሕዋሱ በጨለማና በጠባብ ሥፍራ፣ ከሺህ ጎረቤቶች ጋር እየተሻሸ መኖር የለመደ ነው፤ እኛ ደግሞ በስኳርና በአየር አጥግበን በሜዳ ላይ እናስተኛዋለን። ስለዚህ አንድ ነገር በሳህን ስናይ ደስ ብሎን አንጨርስም። በአይጥ እናየዋለን፣ ከዚያም በሰው። አንድ መድኃኒት በሳህን ላይ ካንሰር ገደለ የሚል ዜና ስትሰሙም ይህን አስቡ።

ንግግሩ ሲያበቃ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ልጨምር። ከኋላ የተቀመጠች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተነሥታ "እመቤቴ፣ የበሰለ ሕዋስ ተመልሶ ጥሬ መሆን ይችላል?" ብላ ጠየቀችኝ።

በራሱ አይመለስም አልኳት። የበሰለው ዴንድሪቲክ ሕዋስ መልእክቱን አድርሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ነገር ግን በ2006 በኪዮቶ ሺንያ ያማናካ እና ካዙቶሺ ታካሃሺ አራት ጂኖችን ብቻ በመጨመር የበሰለን የአይጥ ሕዋስ ማንኛውንም ዓይነት ሕዋስ ሊሆን ወደሚችል ግንደ ሕዋስነት መለሱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በሰው ቲ ሕዋስ ላይ ይህንኑ አደረጉ። ተዋጊ የነበረው ሕዋስ ሁሉንም ረስቶ እንደ ጽንስ ሕዋስ ሆነ። በ2013 ጃፓን ውስጥ ያንን ሕዋስ በዚያችው በኦፒ9 ሞግዚት ላይ አስቀምጠው እንደ ገና ቲ ሕዋስ እንዲሆን አሳደጉት። መለያውን ሲመለከቱ የቀድሞው መለያ ነበር። ዲኤንኤው በታይመስ ውስጥ አንዴ ተቆርጦ ተቀጥሏል፤ ጥሬ ቢሆንም ያ ስፌት አልተፈታም። ሁለተኛ ሲበስል ያወቀው ጀርም መጀመሪያ ያወቀውን ነው።